የእትዬ ስንዱ ባለአገሮች

እትዬ ስንዱ ማረፏን የነገረኝ ልጇ ናሆም ነው። ሱቄን ልከፍት ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ መኪናዬን አቁሜ ገና ሳልወርድ ስልኬ ጠራ። «ጋሼ ዳኒ…» አለኝ። ናሆም ጋሼ ብሎኝ አያውቅም፤ እዚህ እንዳደጉት ልጆች ሁሉ በስሜ ነው የሚጠራኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። እዚያው መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። የፓርኪንግ ቅጣት የምትጽፈዋ ሴትዮ፣ ስንት ጊዜ የተጨቃጨቅኳት፣ በመስኮቱ አየችኝና ሳትጽፍብኝ አለፈች።

በዚህ መንገድ ላይ ስለ እትዬ ስንዱ የሚያወራ ሰው ስለ ስፌቷ ነው የሚያወራው። እውነት ነው፣ በሰፈራችን እሷ ያላሳጠረችው ሱሪ፣ እሷ ያላጠበበችው የሙሽራ ቀሚስ የለም። እኔ የማስታውሳት ግን በሌላ ነው። ከማሊቡ ጀርባ ካለው ተራራ በሚወርድ ትንሽ ወንዝ ላይ አንዲት ኩሬ አለች። በኩሬዋ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ እንስሳት ጠፍተው ነበር። እትዬ ስንዱ ከዚህ ዓለም የምትፈልገው እነሱን ተመልሰው መጥተው ማየት ብቻ ነበር። አላየችም። ተመልሰዋል ብላ አምና ግን ሞተች። ይህንን ብቻዬን ይዤው መቀመጥ ስላቃተኝ ነው የምጽፈው።

የተዋወቅነው በባልዲ ነው። የሷ የልብስ ማስተካከያ ሱቅ ከኔ የፎቶ ኮፒና የፖስታ መላኪያ ሱቅ ሁለት በር አልፎ ነው። እኔ ያኔ ገና መክፈቴ ስለነበር ከ«እንደምን አደሩ» ያለፈ ነገር አልተነጋገርንም። አንድ ጠዋት የልብስ መለኪያ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንደጠመጠመች፣ ክዳን ያለው ነጭ ባልዲ አንጠልጥላ ገባች። ባልዲውን ባንኮኒዬ ላይ ዘጭ አድርጋ ግራ ቀኙን አየች።

«ወንድ አለ?» አለችኝ።

«እኔ አለሁ እኮ፣ እትዬ» አልኩ ቅር ብሎኝ።

«እሱንማ አየሁህ። የሚያርድ ወንድ ማለቴ ነው።»

ክዳኑን ስትከፍተው ወደ ኋላ ዘለልኩ። ከታች ውሃው ውስጥ ቀያይ ነገሮች እርስ በርስ ይተሻሻሉ። ጊንጥ ይመስላሉ፣ ሸርጣንም ይመስላሉ፤ ከፊት ሁለት ትልልቅ መቆንጠጫ አላቸው። አንዱ መቆንጠጫውን ወደ እኔ አነሳ።

«በኢየሱስ ስም! ምንድነው ይሄ?»

«ክሬይፊሽ ይሉታል። የወንዝ ነው። ወንዝ አጥፊ ነው።»

«ይበላል?»

«ቅርፊትና ክንፍ የሌለውን የውሃ ነገር እኔ አልበላም። እናንተ ጴንጤዎች ምን እንደምትበሉ አላውቅም።»

«ጴንጤ መሆኔን ማን ነገረዎት?»

«ሬዲዮህ ቀኑን ሙሉ ሲዘምር አይደል የሚውለው? ደግሞ አንቱ አትበለኝ፣ እሱን ለቄሱ አስቀምጥ። ስማ፣ የሚበላ ቢሆን ኖሮ አንተ እንድታርደው አልሰጥህም ነበር። የማይበላ ስለሆነ ግድ የለም።»

ሳቄ አመለጠኝ። እሷ ግን አልሳቀችም። በእናቷ ቤት ሴት ነፍስ አታጠፋም፤ ዶሮ እንኳ የምትታረደው በበር የሚያልፍ ወንድ ተለምኖ ነው። እትዬ ስንዱ ሎስ አንጀለስ ስንት ዓመት ኖራ፣ በፖሊስ ፊት መኪና ነድታ፣ ከአከራይዋ ጋር ፍርድ ቤት ቆማ ረትታ፣ ይህቺን አንዷን ነገር ግን አልተወችም። ቢላ የለኝም አልኳት። በመጨረሻ ምሳዬን የማስቀምጥባት ትንሽ ፍሪጅ ትዝ አለችኝና እንስሳቱን ወደ ፌስታል ገልብጬ በረዶ ቤቱ ውስጥ ከተትኳቸው። ማታ ስንዘጋ መጣች።

«ሞቱ?»

«ተኝተዋል» አልኳት፣ ላላስጨንቃት ብዬ።

«ዳኒ፣ ሞቱ ወይ ነው ያልኩህ። ለኔ አታለባብስልኝ።»

«ሞተዋል፣ እትዬ።»

አማተበችና ባዶ ባልዲዋን ተቀብላኝ ሄደች። ከዚያን ቀን ጀምሮ የባልዲው ወንድ እኔ ሆንኩ። እሷ ፍሪዌይ ስለማትነዳም ሹፌሩም እኔ ሆንኩ።

ነገሩን የነገረችኝ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ወንዙ ስንሄድ ነው፤ ያንን መንገድ ስንሄድ ደግማ ደጋግማ ነግራኛለች። ናሆም ትንሽ ልጅ ሳለ የክፍሉ አስተማሪ ለሳይንስ ትምህርት ክሬይፊሽ ታረባ ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ እንስሳቱን ለልጆቹ አከፋፈለች። ናሆምም አንዱን በፕላስቲክ ሳጥን ይዞ መጣ። ቡቺ ብሎ ስም አወጣለት። እናቱ ውሻ አላስገባም ስላለችው ይህንኑ ውሻ አደረገው። አስተማሪዋ፣ ማኖር ካቃታችሁ ፍሪዘር አስገቡት እንጂ ውሃ ውስጥ እንዳትለቁት ብላ ነበር። ሳጥኑ በበጋ ሙቀት ቤቱን አገማው። ቤት ውስጥ ወንድ የለም፤ የናሆም አባት ትቷቸው ከሄደ ቆይቷል። ጎረቤቷን ለመነችው፤ «ቦይል አድርጊው በቃ» ብሎ ሳቀባት።

«እንዴት ብዬ ልግደለው?» ትለኝ ነበር። «ልጁ ስም አውጥቶለታል። ስም ያለው ነገር ይገደላል?»

በዚያው ሰሞን የቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች ለሽርሽር ወደ ተራራው ወጡ። እትዬ ስንዱ ሳጥኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ሄደች። ኩሬዋ ያኔ ጥርት ያለች ነበረች። እንሽላሊት የሚመስሉ፣ ጀርባቸው ቡናማ፣ ሆዳቸው ብርቱካናማ የሆኑ እንስሳት ይዋኙባት ነበር። ኒውት ይባላሉ። ናሆም በሆዱ ተኝቶ እያያቸው ይጮኻል። እናቱ አማተበችና ሳጥኑን ውሃው ውስጥ ገለበጠችው። «ሂድ፣ ዘመዶችህን ፈልግ» አለችው። ቡቺ ድንጋይ ስር ገባ። እናትና ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ነፍስ አተረፍን ብለው ተመለሱ።

ቡቺ እዚያ ውሃ ውስጥ ዘመድ እንደሌለው የነገራት ሰው አልነበረም። ክሬይፊሽ የዚያ ተራራ እንስሳ አይደለም፤ ከሩቅ የመጣ ነው። ኒውቶቹ በውሃው ሳርና ድንጋይ ላይ እንቁላላቸውን ሲለጥፉ እየለቀመ ይበላል። ጫጩቶቹን ይበላል፣ የትልልቆቹን ጭራ ይቆነጥጣል። ወፉም እባቡም ኒውትን አይደፍርም፣ ገላው መርዝ አለው። ክሬይፊሽ ግን እንቁላሉን ለቅሞ ይጨርሰዋል። ከዓመታት በኋላ እትዬ ስንዱ ለሽርሽር እዚያው ስትሄድ ኩሬዋን ደፍርሳ፣ ድንጋዩን ሁሉ ቀይ በቀይ ሆኖ አገኘችው። አንድም ብርቱካናማ ሆድ የለም። ዳር ላይ ወጥመድ የምታወጣ አንዲት ፈረንጅ ሴት ነበረች፤ የበጎ ፈቃደኞቹ መሪ ናት፣ ሜግ ትባላለች። ሁሉንም ነገር ያስረዳቻት እሷ ናት። ሱቄ ይዛው የገባችው ያ ባልዲ ከዚያ ቀን ነው የመጣው። ሜግ በኋላ በሕይወት ያለ ክሬይፊሽ ከወንዙ ይዞ መውጣት ክልክል ነው ስላለችን፣ የበረዶ ሳጥን ይዘን እዚያው የሚገደለውን እዚያው መግደል ጀመርን። መግደል ጀመርን ስል፣ እኔ ጀመርኩ ማለቴ ነው።

ሜግ ብዙ ጊዜ ልታጽናናት ሞክራለች። በአስተርጓሚነት የቆምኩት እኔ ነኝ። ዓሣ አጥማጆች ለማጥመጃ እያመጡ ጥለውት ይሆናል፣ ከአንቺ በፊትም ሊኖር ይችላል፣ አንድ ክሬይፊሽ ይህን ሁሉ አያደርግም አለቻት።

እትዬ ስንዱ አዳምጣ ስትጨርስ «ሌላውም ጥሎ ይሆናል፣ እሱ የራሱ ጉዳይ ነው። የኔን የጣልኩት እኔ ነኝ። ብለህ ንገራት» አለችኝ።

በዚህ ነገር ላይ ማንም አያሸንፋትም ነበር። ንስሐ አባቷ ኃጢአት አይደለም ቢሏት «እሳቸው ምን ያውቃሉ፣ ኩሬዋን አላዩዋት» ብላ ወጣች። አንድ ቀን ምግብ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠን አንድ የምናውቀው ሰውዬ ሊያሾፍ ፈለገ።

«እትዬ ስንዱ፣ ምነው በዚያ ክሬይፊሽ ላይ ጨከንሽበት? እሱም መጤ እኛም መጤ፣ ሶ ተስማምቶ መኖር ነው እንጂ።»

ሹካዋን አስቀመጠች። እንደዚያ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም።

«እኔ መጥቼ የማንን እንቁላል በላሁ?» አለችው። «ሱሪህን ሰፋሁልህ እንጂ የማንን ልጅ በላሁ? ሁለተኛ እኔን ከሱ ጋር እንዳትደምረኝ።»

ሰውዬው ይቅርታ ጠይቆ ሂሳቧን ሊከፍል ሲል አልቀበልም አለችው። ኒውቶቹን ባለአገሮቹ ማለት የጀመረችው ከዚያ በኋላ ይመስለኛል። ክሬይፊሾቹን ደግሞ ቀዮቹ ትላቸው ነበር።

ወንዙ ዳር ስትሠራ ብታዩዋት! ረጅም የጎማ ቦት ጫማ፣ ከላይ ነጠላዋን በወገቧ አስራ፣ ያንን ሜትሯን ሳታወልቅ። ሌሎቹ በጎ ፈቃደኞች ቁራጭ ሆትዶግ በክር አስረው ያጠምዳሉ። እሷ «የአሳማ ነገር በእጄ አልነካም» ብላ ሆትዶጉን መለሰችና በሚቀጥለው ቅዳሜ ከፌርፋክስ ቋንጣ ይዛ መጣች። ቋንጣ ከሚሸጥበት ሱቅ ቁርጥራጩን እየለመነች ታመጣለች። ሚጥሚጣ የነካው ሳይቀር። ቀዮቹ ሲወዱት! ፈረንጆቹ አንድ ሲያወጡ እሷ በአንድ ክር ሦስት ታወጣለች፤ ሁለት ቆንጥጠው ሦስተኛው በሁለተኛው ጭራ ላይ ተንጠልጥሎ ይመጣል። ሜግ በመጨረሻ ሆትዶጉን ትታ ቋንጣ አድርጊልኝ ማለት ጀመረች። በሁዳዴ ጾም እሷ ሽሮ በልታ መጥታ ቋንጣውን እያሰረች «እንግዲህ እናንተ የፍስኩን ብሉ» ትላቸዋለች።

ያወጣችውን ከጀርባው ይዛ ወደ ዓይኗ አቅርባ ታየዋለች። ሴት ከሆነች ከጭራዋ ስር እንቁላል እንደ ወይን ፍሬ ተንዠርግጎ ይታያል። ያንን ጊዜ ክንዷን ዘርግታ ትሰጠኛለች፤ ፊቷን ወደ ዛፎቹ አዙራ።

«እሷም እናት ናት እኮ፣ ዳኒ» ትለኛለች።

«እንተዋት?»

«አንተ ደግሞ! ክተታት።»

እከታታለሁ። የበረዶውን ሳጥን ክዳን ስዘጋ ሁልጊዜ ታማትባለች። ከዚያ ኩሬው ዳር ተንበርክካ ሳሩን በጣቷ እየገለጠች ታያለች፤ የተለጠፈ እንቁላል እንዳለ። ምንም የለም። «ገና ናቸው» ትላለች። ሜግ አንድ ቀን፣ ኒውት ዕድሜው ረጅም ስለሆነ ያረጁት ተራራው ላይ በቅጠልና በግንድ ስር ተደብቀው ሊኖሩ ይችላሉ፣ ኩሬው ሲጸዳ በዝናብ ወቅት ሊወርዱ ይችላሉ ብላት ነበር። ይህችን ቃል ይዛት ቀረች። ሌሎቹ በጎ ፈቃደኞች እየሳሱ ሄደው ሜግም ወደ ሌላ ወንዝ ስትዞር፣ የቀረነው እኔና እሷ ብቻ ስንሆን፣ ከዚያች ቃል ሌላ የሚያስመጣን ነገር አልነበረም። እኔማ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ኒውቱ ሳይሆን እሷ ናት የምታስመጣኝ።

አንድ ክረምት ዝናቡ ወንዙን ሞላው። ጎርፉ ቀዮቹን ጠርጎ ወደ ባሕር ወሰዳቸው። በማግስቱ ስንሄድ በወጥመዳችን ምንም የለም። እትዬ ስንዱ ልትዘፍን ምንም አልቀራት። በዚያው ሳምንት አንድ ተራራ የሚወጣ ሰው፣ ከላይ በመንገዱ ላይ ብርቱካናማ ሆድ ያለው ነገር ሲሻገር አየሁ አለን። እትዬ ስንዱ በዚያ ዕድሜዋ አቀበቱን እየሮጠች ወጣች፤ እኔ ከኋላዋ እያለከለክሁ። የሰውዬው ጣት ያመለከተን ቦታ ላይ እርጥብ ቅጠል ብቻ ነበር። ቅጠሉ ዳር ቁጢጥ ብላ ለረጅም ጊዜ ቆየች። «አለ ማለት ነው» አለች በመጨረሻ። «ከነሱ ውስጥ አንድ እንኳ አለ ማለት ነው።» በጋው ሲመጣ ግን ከላይ ከቀሩት ጥቂቶች ቀዮቹ እንደገና ተባዙ።

ናሆም በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን አልመጣም። አሁን ትልቅ ሰው ነው፣ ቶራንስ ከተማ ቢሮ ይሠራል። ስለ ወንዙ ሲነሳ ይቆጣል። «እማ፣ ኪድ ነበርኩ። ሌት ኢት ጎ፣ ተይው በቃ» ይላታል። እሷም «አንተን ማን ወቀሰ? የለቀቅኩት እኔ» ትለዋለች። እሱ ግን ያመጣሁት እኔ ነኝ ብሎ እንደሚያስብ ለማወቅ ብዙ ብልህነት አይጠይቅም። እናቱን ቅዳሜ ጠዋት ባልዲ ይዛ ባያት ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል። ሁለቱም ያንኑ አንድ ጥፋት ለየብቻ ተሸክመው እንደዚህ ኖሩ።

ባለፈው ክረምት እትዬ ስንዱ ሆዷን አመማት። ካንሰር ነው አሉ፣ ደግሞም ቆይቷል አሉ። ሆስፒታል ገብታ አልጋ ላይ ስትውል፣ ያ ጉልበቷ ሲሟሽሽ ዓይኔ እያየ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻዬን ወንዝ እሄድና ከዚያ በቀጥታ እሷ ጋ እሄዳለሁ። ገና በሩ ላይ ሳለሁ «መጡ?» ትለኛለች።

«ገና ናቸው፣ እትዬ።»

«እሺ። ደግሞ ለቅዳሜ እይልኝ።»

አላለባበስኩላትም፤ መጀመሪያ የተስማማነው እንደዚያ ነበራ። ግን በየሳምንቱ «ገና ናቸው» ስላት ከፊቷ ላይ የሆነ ነገር ቆርጬ የምወስድ ይመስለኝ ነበር። ናሆም አልጋው አጠገብ ተቀምጦ ይሰማናል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቤቴ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። «ዛሬ አብሬህ ልምጣ» አለ። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ኩሬዋ ጋ ስንደርስ ለረጅም ጊዜ ቆሞ አያት። እንደ እናቱ ተንበርክኮ ሳሩን ገላልጦ ፈለገ። ጃኬቱ እስከ ክርኑ ራሰ። ወጥመዶቹን አወጣን፣ ቀይ ብቻ ነው ያለው። እኔ የበረዶ ሳጥኔን ስከፍት እሱ ወደ መኪናው ሄደ።

ሆስፒታል ስንገባ እትዬ ስንዱ ዓይኗን ገለጠች። ሁለታችንን አብረን ስታየን ግራ ተጋባች።

«አንተም ሄድክ?»

«ሄድኩ፣ እማ።»

«መጡ?»

እኔ አፌን ሳልከፍት ናሆም እጇን ያዘ። «መጥተዋል» አላት።

«በዓይንህ?»

«በዓይኔ፣ እማ። አንዱ ሆዱ ኦሬንጅ ነው፣ ልክ የዛን ጊዜ እንዳየነው። ሳሩ ላይ እንቁላል አለ። ዳኒም አይቷል።»

ወደ እኔ ዞረች። «ተኝተዋል» ስላት «አታለባብስልኝ» ያለችኝ ሴት፣ ውሸትን ከበር ላይ የምታውቅ ሴት፣ ፊቷ እንደ ሕፃን ክፍት ሆኖ አየችኝ። በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ። ሌላ ምን አደርግ ነበር?

እልል አለች። ድምፅ ከየት እንዳመጣች አላውቅም፣ ቀጭን ናት፣ ግን እልልታ ናት። ነርሷ ምን ሆነች ብላ እየሮጠች መጣች። እትዬ ስንዱ በዚያ በምታውቀው እንግሊዝኛ «ማይ ሰን ሶ ዘም! ዘይ ከም ሆም!» አለቻት። ነርሷ ምን እንደሆነ ሳይገባት አብራ አለቀሰች። ከዚያ ሁለታችንን ወደ አልጋዋ ጠርታ፣ ያላሰብነውን ነገር አመጣች።

«ከእንግዲህ ወጥመዱን አንሱት። ባለአገር ከገባበት አየር አጥቶ ይሞታል፣ ሜግ ነግራኛለች። እግራችሁንም ውሃው ውስጥ አታግቡ፣ እንቁላሉን ትሰብሩታላችሁ። አራሶች ናቸው፣ ተዉዋቸው። ማሉልኝ።»

ናሆም ማለላት።

«አንተ ጴንጤ ነህ፣ አትምልም» አለችኝ። «ቃል ስጠኝ።»

ቃል ሰጠኋት። ምን ማድረጌ እንደሆነ እየገባኝ ቃል ሰጠኋት። በኮሪደሩ ስንወጣ ናሆም ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ። «ሌላ ነገር አልመጣልኝም» አለ። እኔም ብሆን አይመጣልኝም ነበር።

ከዚያ በኋላ የኖረችው ጥቂት ቀን ነው። ለጠየቃት ሰው ሁሉ ነገረች። ለንስሐ አባቷ፣ ለቋንጣ ሻጩ ሚስት፣ እሱም መጤ እኛም መጤ ላላት ሰውዬ ሳይቀር። «ተመልሰዋል! ናሆሜ በዓይኑ አየ!» ትላለች። ሕመሙ እንኳ ለቀቅ ያደረጋት ይመስል ነበር። ዝናብ በጣለበት ጠዋት አረፈች።

ለቅሶው ላይ ሰው እኔን እያቀፈ ያጽናናኛል። «መቼም ድካማችሁ ከንቱ አልቀረም፣ ምኞቷን አይታ ነው የሄደችው» ይለኛል። ቤተ ክርስቲያን ጫማዬን አውልቄ ከኋላ ቆሜ ነበር። ንስሐ አባቷ በስብከታቸው፣ ይህቺ እናት ያጠፋችውን ሳትመልስ አልሞተችም፣ የእግዚአብሔርን ፍጥረት ወደ ቦታው መልሳ ነው የሞተችው አሉ። ሕዝቡ «አሜን» አለ። የናሆም ጭንቅላት ከሰው መሃል እየወረደ እየወረደ ሄዶ አልታይ አለኝ።

ወንዝ አልሄድንም። ቃል ሰጥተናላ። ቅዳሜ ሲመጣ ሱቄን ከፍቼ እቀመጣለሁ። ወቅቱ ባለአገሮቹ እንቁላል የሚጥሉበት ነው፤ ካሉና ከወረዱ ማለት ነው። ቀዮቹ ደግሞ ያለ ምንም ከልካይ እየተባዙ ናቸው። ይህንን እያሰብኩ የሰው ፓስፖርት ፎቶ ኮፒ አደርጋለሁ።

አርባዋ በወጣ ማግስት በሬ ተከፈተ። ናሆም ነው። የእናቱን ቦት ጫማ በአንድ እጁ፣ ነጩን ባልዲ በሌላው እጁ ይዟል።

«እንሂድ» አለኝ።

«ቃል ሰጥተናል፣ ናሆም።»

«ቃል የሰጠነው መጥተዋል ብለን ነው። አልመጡም።»

ሱቄን ዘጋሁ። ቋንጣ ቁርጥራጭ ለምነን ሄድን። ኩሬዋ ጋ ደርሰን ክሩን ገና ስንጥለው ከየድንጋዩ ስር እየተሯሯጡ ወጡ፤ ያን ያህል በዝተው አይቼ አላውቅም። አዲስ ጫጩቶቻቸው ዳር ዳሩን ሞልተውታል። የውሃው ሳር ከሥሩ ተቆራርጦ ተንሳፍፏል። ናሆም ቦቱ አልገባ ስላለው በካልሲው ውሃው ውስጥ ገባና በእጁ መልቀም ጀመረ። ይቆነጥጡታል፣ ጣቱ ይደማል፣ አይሰማውም።

«እማ ለሁሉም ሰው ነግራ ነው የሞተችው» አለኝ ቀና ሳይል። «ለቄሱ፣ ለነርሷ፣ ለሁሉም። በኔ ምክንያት ውሸታም ሆና አትቀርም። ሶ መመለስ አለባቸው። በቃ፣ መመለስ አለባቸው።»

እንደ ልማዴ የበረዶ ሳጥኑን ከፍቼ ክንዴን ዘረጋሁ። ለኔ አልሰጠኝም። ራሱ መጥቶ የያዘውን አንድ ትልቅ ቀይ በረዶው ላይ አስቀመጠው። መቆንጠጫው ተነስቶ፣ ቀስ እያለ እስኪወርድ ድረስ አየው። ከዚያ ክዳኑን ዘግቶ ላዩ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በደማ እጁ ሸፈነ።

«ሶሪ፣ ቡቺ» አለ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ አላስቀረንም። ባለአገሮቹ እስካሁን አልመጡም። ጠዋት ጠዋት ቋንጣውን የምትጠቀልልልን የሱቁ ሴትዮ «የእትዬ ስንዱ ባለአገሮች እንዴት ናቸው?» ትለናለች። ናሆም «ደህና ናቸው» ይላታል። ከዚያ መኪናው ውስጥ እንገባና ማሊቡ እስክንደርስ አንነጋገርም።